አምባሩ ውሃ ውስጥ ሲመዘን

ጥቅምት 9

እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አባባስ እንዴት ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ ብርዱና የቤት ኪራዩ ተማክረው አብረው ጨምረዋል፤ ከዚያ ውጪ የማማርርበት ነገር የለኝም።

መልሴ ስለ ዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ደብዳቤሽን በደረሰኝ ዕለት አንብቤዋለሁ። ሒሳቡን ሠርቼ ውጤቱን ስላልወደድኩት እንደ ገና ሠራሁት፤ ያው ሆነ። ስለ ስልኩ ልክ ነሽ፤ ከአባባ ወንበር ጀርባ እስካለ ድረስ በደብዳቤ ብንቀጥል ይሻላል።

ወርቅ አንጥረኛ ቤት ወርቅ መጉደሉ ያለ ነው። ሞረድ ይበላዋል፣ እሳት ይነካዋል፣ ጥፍር ሥር ገብቶ ቤት ድረስ ይሄዳል። ያ ሁሉ ተደምሮ ግን ከመቶ አንድ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። አንቺ የጻፍሽልኝ ከመቶ ዐሥር አልፏል። ወርቅ አይተንም፣ አይዝግም፣ አይጥም አትበላውም። ከጠፋ የወሰደው እጅ አለ። እኔ እዚህ ማዕድን መመርመሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ የምሠራው ይህንኑ ነው፦ የገባውንና የወጣውን መዝኜ ልዩነቱ የት እንደ ሄደ መጠየቅ። ልዩነት ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ይሄዳል።

አንቺ ፊት ለፊት ባንኮኒው ላይ ነሽ፤ ትሸጫለሽ፣ የካዝናውን ቁልፍ ትይዣለሽ። ከመጋረጃው ጀርባ ወርቅ የሚነካ ሰው ሁለት ነው። አንዱ አባታችን ናቸው። ሌላውን ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም።

ጋሽ ጉጠት እንዳሳደገን አልረሳሁም። የጋለ ነገር በጣቱ ሲያነሣ አይቼ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ የእናቱን ስያሜ ትቶ በእኔ ነው የጠራው። አዝናለሁ። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። አባባ ሳይሰሙ፣ ጩኸትም ሳይኖር በጨዋ ደንብ አሰናብቺው። የጠየቅሽኝ ይህን ከሆነ መልሴ ይኸው ነው። እንዴት እንደ ተቀበለው፣ ከሄደ በኋላም ወርቁ መጉደሉን ማቆም አለማቆሙን ጻፊልኝ።

አባባን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 21

ይድረስ ለሒሳብ አዋቂው ወንድሜ፣

ሰላም ነህ ወይ? ካፖርት ግዛ። ያለፈው ዓመት ካፖርት ለጃንጥላ እንኳን አይበቃም፤ አይቼዋለሁ።

ያልከውን አደረግኩ። እንዴት ተቀበለው ላልከኝ፣ አልተቀበለም፤ አልተቃወመምም። ጠዋት አባባ ሳይገቡ በፊት ወደ ፊት ጠርቼ፣ ጋሼ፣ ወርቅ እየጎደለብን ነው፣ ከእንግዲህ አብረን መሥራት አንችልም አልኩት። አየኝ። ከዚያ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አየ። ሽርጡን ፈትቶ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ አባትሽ ያውቃሉ ወይ አለኝ። አያውቁም አልኩት። «እንግዲያው አትንገሪያቸው» ብሎ ወጣ።

ያን «አትንገሪያቸው» እንደ ጥፋተኝነት ቆጠርኩት። አንተም እንደዚያ የምትቆጥረው መሰለኝ።

ለአባባ ወገቡን አሞት ነው አልኳቸው። እውነት መሰላቸው፤ ምክንያቱም የአንጥረኛ ወገብ መቼም ደኅና ሆኖ አያውቅም። ማን ይጠይቀዋል፣ ማን ምግብ ያደርስለታል እያሉ ይነዘንዙኛል። ሳልሄድ ደርሼ መጣሁ እላለሁ። ውሸት ስጀምር እንዲህ ተራ በተራ እንደሚመጣ አላወቅኩም ነበር።

መንገዱን ታውቀዋለህ፤ የአንጥረኞች በር እንደ ጥርስ ተደርድሮ ነው። ምሳ ሳይደርስ ሁሉም ሰምቷል። ከፊት ለፊታችን ያለው ሰውዬ መጥቶ «ምን ወሰደ?» አለኝ። ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን መልስ አድርጎ ይዞት ሄደ። ጋሽ ጉጠት ሁለት ሱቅ ገብቶ ሥራ ጠይቆ ነበር አሉ። ሁለቱም ወርቁን ከፊቱ እየሰበሰቡ ነው አሉ ያነጋገሩት። ይህን ብነግርህ ምንም እንደማታደርግ አውቃለሁ፣ ብቻዬን ልይዘው ስላልቻልኩ ነው።

መጨረሻ ላይ የጠየቅከኝን ነገር ደግሞ ሌላ ጊዜ እመልስልሃለሁ።

እኅትህ


ኅዳር 3

እትዬ፣

አጭሯ ደብዳቤሽ ደርሳኛለች። እንዲህ አጥረሽ ስትጽፊ መፍራትሽን አውቃለሁ፤ ስለዚህ እኔም ቶሎ ልጻፍ።

ያቺ ባለ ፋርማሲ ሴትዮ ከእናንተ ገዝታ ተጣመመ ብላ የመለሰችልሽን አምባር አትቁረጪ። ሴትዮዋ ለባለሥልጣን እከሳለሁ ማለቷ አያስደንግጥሽ፤ ፋርማሲ ያለው ሰው የሚዛንን ነገር ያውቃል፣ ማስረጃ ካሳየናት ትሰማለች። የሚያስደነግጠኝ የነገረችሽ ነው። አምባሩ ልጇ ሲጎትተው እንደ ሊጥ ተጣመመ ካለች፣ ውስጡ እርሳስ ነው ማለቷ ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። እርሳስ ለስላሳ ነው። አባባ የሚሠሩት ዐሥራ ስምንት ካራት ግን፣ ሦስት እጅ ወርቅ ከአንድ እጅ ብርና መዳብ ጋር ቀልጦ ነው፤ ያ አንድ እጅ የሚገባው እንዲጠነክር ነው። በልጅ እጅ አይጣመምም።

ሳልቆርጥ እንዴት አውቃለሁ ላልሽኝ፣ በውሃ ነው።

የሐኪም ሲሪንጅ ላይ አንድ ሲሲ የሚለውን መሥመር አስቢው። እዚያች ቦታ ውሃ ብትሞዪባት አንድ ግራም ትመዝናለች። ንጹሕ ወርቅ ብትሞዪባት ዐሥራ ዘጠኝ ግራም ከምናምን ነው። ብር ዐሥር ተኩል፣ መዳብ ዘጠኝ፣ እርሳስ ዐሥራ አንድ። ትምህርት ቤት እፍግታ እያሉ ያደነቆሩን ይኸው ነው፦ በዚያችው ቦታ ስንት ግራም ታጭቋል። መጠነ ቁስ ያሉትን እኛ ክብደት እንለዋለን፤ ይዘት ያሉት የያዘው ቦታ ነው። አንዱን ለሌላው ስታካፍዪ መልሱ ይመጣል። ያኔ አንቺ ከመስኮት ውጪ ነበርሽ።

ክብደቱን ባንኮኒሽ ላይ ባለው የኤሌክትሪክ ሚዛን ታገኚዋለሽ፤ ሠላሳ አንድ ግራም ብለሽኛል። የቀረው ቦታው ነው። ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ጨምሪና ሚዛኑ ላይ አስቀምጪው፤ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሺው። አምባሩን በቀጭን ክር ከብዕር ላይ አንጠልጥለሽ ብዕሩን በሁለት የመጽሐፍ ክምር ላይ አጋድሚው። አምባሩ ሙሉ ለሙሉ ይጥለቅ፣ የብርጭቆውን ታችና ጎን ግን አይንካ። በዚያን ጊዜ ሚዛኑ የሚያሳይሽ ግራም አምባሩ የያዘው ቦታ ነው፣ በሲሲ።

ልክ ከሆነ ሁለት ይላል። ሠላሳ አንድ ለሁለት ሲካፈል ዐሥራ አምስት ተኩል፤ የዐሥራ ስምንት ካራት እፍግታ ይኸው ነው። ውስጡ እርሳስ ካለ ቦታው ይሰፋል፣ መልሱ ዐሥራ ሦስት ወይ ዐሥራ ሁለት ይሆናል። እንደዚያ ከመጣ ጋሽ ጉጠት የወሰደውን በምን እንደተካ አወቅን ማለት ነው፤ ተዘጋጂ።

ያልመለስሽልኝ ጥያቄ አለ። ወርቁ መጉደሉን አቆመ ወይ?

ወንድምሽ


ኅዳር 12

ወንድምዬ፣

መጀመሪያ ስለ መስኮቱ። ከመስኮት ውጪ የነበርኩት አንተ የፈተና ወረቀትህን ልታሳየኝ ስትል አስተማሪው እኔን ስላስወጣኝ ነው። ታሪክ አታበላሽ።

አባባ ከምሳ በኋላ ሲያንቀላፉ በሩን ዘግቼ መዘንኩ። መጀመሪያ የሹራብ ክር ወሰድኩ፤ ውሃውን ጠጣው። ከዚያ የልብስ ስፌት ክር። ብዕሩ ተንከባሎ ብርጭቆው ውስጥ ገባ፣ ባንኮኒው ታጠበ፣ ከመጽሐፎቹ አንዱ የአንተ ነበርና ይቅርታ። በመጨረሻ ሁሉም ጸጥ ሲል ሚዛኑ አንድ ነጥብ ስምንት አለ።

ሁለት አላለም። ከሁለት በላይም አላለም። አንድ ነጥብ ስምንት። ሦስት ጊዜ አወጣሁት፣ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ሠላሳ አንድን ለዚያ ሳካፍለው ዐሥራ ሰባት ከምናምን መጣ። እርሳስ ወደ ታች ያወርደዋል ብለኸኝ ነበር፤ ይኼ ወጣ እንጂ አልወረደም። ምን እንዳበላሸሁ ንገረኝ። ሴትዮዋ በየቀኑ ታልፋለች፤ አትገባም፣ በመስታወቱ ታየኝና ትሄዳለች።

ለጥያቄህ ደግሞ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ትቼው ነበር። አላቆመም። ጋሽ ጉጠት ከሄደ በኋላም ካዝናው ውስጥ ያለው ወርቅ በዚያው መጠን ነው የሚጎድለው። ሒሳቤን ተሳስቼ እንደ ሆነ ብዬ ዝም አልኩ። አልተሳሳትኩም።

የሆነ ቦታ የሆነ ነገር አድርገናል መሰለኝ። እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

እኅትህ


ኅዳር 19

እትዬ፣

ያበላሸሁትን ንገረኝ ብለሻል። ለመንገር ተቀምጬ ነበር። በዚህ ዓይነት መለኪያ ሰው የሚሳሳታቸውን ሁሉ በተራ ወሰድኩ።

የአየር አረፋ አምባሩ ላይ ተጣብቆ ከሆነ ቦታው ከእውነቱ የሰፋ ይመስላል፤ እፍግታው ይወርዳል። አምባሩ የብርጭቆውን ታች ነክቶ ከሆነ ሚዛኑ ይከብደዋል፤ እፍግታው አሁንም ይወርዳል። ክሩ ወፍራም ከሆነ ይወርዳል። ውስጡ ባዶ ከሆነ ይወርዳል። በእንደ አንቺ ያለ እጅ የሚሠሩ ስሕተቶች በሙሉ ወደ ታች ነው የሚጎትቱት። የአንቺ ወደ ላይ ነው የወጣው። ሚዛኑ ታሞ እንደ ሆነ ብዬ ነበር፤ ግን ክብደቱንም ቦታውንም የመዘንሽው በአንድ ሚዛን ነው፤ ቢያጎድል ከሁለቱም እኩል ያጎድላል። ምናልባት አባባ መዳቡን ትተው ብር ብቻ ቀላቅለው ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ያኔ እንኳን ከዐሥራ ስድስት አያልፍም።

ስለዚህ አልተሳሳትሽም። ዐሥራ ሰባት ከምናምን ሃያ አንድ ካራት ነው። አምባሩ የተጣመመው ወርቁ አንሶ አይደለም፤ በዝቶ ነው። ከሚገባው ቅይጥ ግማሹ ብቻ ነው የገባው፤ የቀረው ቦታ በወርቅ ተሞልቷል። ሴትዮዋ ከከፈለችው በላይ ነው ያጠለቀችው።

ወርቁ በጓሮ አልወጣም እትዬ። በፊት ለፊት በር፣ በሥጦታ መጠቅለያ፣ በአንቺ እጅ ነው የወጣው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱን አውቄ ነው የምጠይቅሽ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ። ወርቁንና ቅይጡን መዝኖ የሚያቀልጠው ማነው? ጋሽ ጉጠት ማቅለጫው አጠገብ ቀርቦ ያውቃል?

ሌሎች ዕቃዎችም መዝኚ። ደግሞ አባባ ሲመዝኑ እያቸው። እንዳያውቁብሽ።

ወንድምሽ


ኅዳር 28

ወንድምዬ፣

ቀርቦ አያውቅም። ጋሽ ጉጠት ይቀጠቅጣል፣ ይበይዳል፣ ፈርጥ ያስገባል፣ ያወለውላል። ማቅለጥ የአባባ ብቻ ነው፤ እናታችንን እንኳን በመጋረጃው ያነጋግሯት ነበር። ይህን እኔም አንተም በልጅነታችን እናውቀው ነበር። ስትፈርድም ስፈርድም ግን አንዳችንም አላስታወስነውም።

ሌሎች ዕቃዎች መዘንኩ። ከሁለት ዓመት በፊት የተሠራው የእኔ ቀለበት ልክ ነው። ዘንድሮ የተሠሩት ሁሉ ወደ ላይ ናቸው። ሌላም ያላየሁት ነገር ነበር፤ የብርና የመዳብ ቁርጥራጭ የምናስቀምጥበት ጣሳ እስካሁን ማለቅ ነበረበት፣ ከግማሽ በላይ አለው። እኛ የጎደለውን ብቻ ነበር የምንጠይቀው። የተረፈው ፊታችን ቁጭ ብሎ ነበር።

አባባን አየኋቸው። መጋረጃውን ገልጬ ቆምኩ። የድሮውን ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን ይዘው ነበር። ዐይናቸውን ወደ ሚዛኑ አያቀርቡም፤ በትንሿ ጣታቸው የሳሕኑን ጠርዝ ነካ እያደረጉ ነው የሚመዝኑት። ከጣሳው ቅይጥ ቆነጠሩ፣ በጣታቸው መሐል አሹት፣ ከዚያ ግማሹን መለሱት። ወርቁ ላይ ደግሞ አንዲት ቁራጭ ጨመሩ። ቀና ሲሉ ፊቴን ነበር የሚያዩት፤ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ሰላም አላሉኝም፣ ምን ትሠሪያለሽ አላሉኝም። ወለሉ ሲንቋቋ ብቻ «ማነው?» አሉ።

እኔ ነኝ አልኩ። «ማንኳኳት ልመጂ» አሉኝ፣ መጋረጃ የሚንኳኳ ይመስል።

ዐይናቸው እንዲህ መሆኑን እንዴት አላወቅሽም ትለኛለህ። ሱቁን በልባቸው ያውቁታል፤ ከቤት እስከ ሱቅ መንገዱን እግራቸው ያውቀዋል። ጋዜጣ አንብቢልኝ ሲሉ ስንፍና ይመስለኝ ነበር፣ እንዲያውም አኮርፍ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን ሁለቱንም ነው እንደዚያ የቆጠርኳቸው፣ እሳቸውንም ጋሽ ጉጠትንም።

እሱን ምን እናድርገው? መንገዱ ሁሉ ሌባ ብሎታል። አሁን የሚሠራው ገበያው ጫፍ ቁልፍ መቅረጽ ነው፤ ያ ሁሉ ዕድሜው ፈርጥ ላይ ጎንበስ ብሎ ያለፈ ሰው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት እኛ ነን።

ብትችል ና፤ ካልሆነም ቶሎ ጻፍልኝ።

እኅትህ


ታኅሣሥ 6

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ነው የከፈትኩት፤ መክፈት አልነበረብኝም። እንደዚህ አፍሬ አላውቅም። ይህን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልበትም፤ ታውቂኛለሽ።

ና ብለሽ መጻፍሽ ይገባኛል። የዓመቱ ሪፖርት የሚዘጋበት ሰሞን ስለሆነ ፈቃድ አይሰጡም። እኔ መምጣቴ ደግሞ የሚለውጠው ነገር አይታየኝም፤ ነገሩ የስሌት ስሕተት ነው፣ ስሌቱ ታርሟል።

ለጋሽ ጉጠት ለብቻው የጻፍኩትን አራት ገጽ ደብዳቤ አብሬ ልኬያለሁ፤ ስጪው። ሁሉንም ነገር በዝርዝር አስረድቻለሁ፦ የአምባሩ ክብደት፣ የያዘው ቦታ፣ እፍግታው፣ የሌሎቹ ዕቃዎችም ጭምር። እንዳልወሰደ በቁጥር አረጋግጫለሁ። በሱቁ ስም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ወደ ሥራው መመለስ እንደሚችልም ጽፌያለሁ።

አባባን አሁን አትንገሪያቸው። መጀመሪያ የዐይን ሐኪም ላፈላልግ። ማቅለጡን በሆነ ዘዴ አስቁሚያቸው፤ ማቅለጫው ተሰንጥቋል በያቸው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 15

ወንድምዬ፣

ይህ ረጅም ነው፣ ተቀመጥ።

መጀመሪያ ትንሿን ልንገርህ። ለፋርማሲዋ ሴትዮ አምባሩን ፊቷ መዝኜ አሳየኋት። አላመነችም፤ ሄዳ የራሷን ሚዛን አምጥታ መዘነች። ያልከፈለችበት ወርቅ እጇ ላይ መሆኑን ስታውቅ፣ በነጻ እናጠንክርልሽ ወይ አልኳት። ይታጠፍ ከፈለገ ብላ አጥልቃው ወጣች። መክሰሱ ቀረ።

ደብዳቤህን ለጋሽ ጉጠት ወሰድኩ። ቁልፍ የሚቀርጽባት ጠረጴዛ የደረት ስፋት የላትም። ፖስታውን ተቀብሎ በሁለት ጣቱ ክብደቱን ሞከረ፤ ስንት ገጽ ነው አለኝ። አራት አልኩት። ሳይከፍት መለሰልኝ። እኔም ሁሉንም በአፌ ነገርኩት፤ አሰናብቺው ያልከኝን ደብዳቤ፣ የውሃውን፣ የአምባሩን፣ የአባባን ዐይን። ዐይናቸውን ስነግረው ሞረዱን አስቀመጠ። ወርቁ ለመዶሻው ሲለሰልስ እጁ የበረታ መስሎት እንደነበረ ነገረኝ።

ከዚያ ምን እንዳለኝ አትገምትም። ያን ሁሉ ጊዜ እኔን ነበር የሚጠረጥረኝ። ወርቁ መመናመኑን እሱም አይቷል፤ ቁልፉ ያለው አንገቴ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሌባዋ እኔ ነኝ። ሳባርረው፣ ሰርቃ በእኔ ላይ ልትለጥፍ ነው አለ በልቡ። «አትንገሪያቸው» ያለኝ፣ ሽማግሌው የልጃቸውን ሌብነት እንዳይሰሙ ብሎ ነው። እኔ ሳቄ መጣ። እሱ አልሳቀም፤ እኔም ተውኩት።

ተመለስልን አልኩት። ቁልፉን መሞረድ ቀጠለና ሳያየኝ እንዲህ አለ፦

«በደብዳቤ ያባረረኝ በደብዳቤ አይመልሰኝም። መንገዱ ሌባ ሲለኝ ወረቀት አንብቦ አይደለም።»

ለአባባ የነገርኩት ያን ዕለት ከሰዓት ነው። አትንገሪያቸው ብለኸኛል፤ ማቅለጫው ተሰንጥቋል ማለቱን ሞክሬ ነበር፣ አንሥተው በጣታቸው አንኳኩት፣ ድምፁን ሰሙትና አትዋሺኝ አሉ። ስለዚህ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤህንም ጭምር። የወገብ ሕመሙም ውሸት እንደነበረ ነገርኳቸው። ዐይናቸው መሐሉ እንደ ጨለመ፣ ዳር ዳሩን ብቻ እንደሚያዩ፣ ከጀመራቸው ዓመት እንዳለፈ ነገሩኝ። ለምን ደበቁን አልኳቸው። የማያይ አንጥረኛ ማን ወርቁን ይሰጠዋል አሉ። ለምን ታዲያ ጨመሩበት ስላቸው የተናገሩትን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ አንተም ስማው ብለዋል፦

«ሚዛኑ አልታይ ሲለኝ ወደ ሰው እንዲያጋድል አደረግኩት። እናንተ አልታይ ሲላችሁ ወደ ሰው አላጋደላችሁትም።»

ተነሡና ኮታቸውን ጠየቁ። ክንዴን ያዙ። ክንዴን ይዘው በመንገድ ሄደው አያውቁም፤ ሰው ሊደግፋቸው ሲል ይቆጡ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም ሱቅ በተከፈተበት ሰዓት፣ ከመጀመሪያው በር ጀመሩ። ደፉ ላይ ይቆማሉ፤ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ከዚያ፣ ወርቁን ያጎደልኩት እኔ ነኝ፣ ዐይኔ አያይም፣ ጉጠት ምንም አልወሰደም ይላሉ። ወንበር ሲሰጧቸው አይቀመጡም። ወደሚቀጥለው በር። በእያንዳንዱ በር ያንኑ፣ ቃል ሳይቀንሱ። ከፊት ለፊታችን ያለው ሰውዬ ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀ፤ አላዩትም፣ እኔም አልነገርኳቸውም።

አንድ ቦታ ላይ በቃ አባባ፣ ሰምተዋል፣ አንዱ ለሌላው ይነግረዋል አልኳቸው። ስንት በር ቀረ አሉኝ። ሦስት አልኩ። እንግዲያው ሦስቴ እላለሁ አሉ። የቀረውን የሥራ ዕድሜያቸውን እያከፋፈሉ እንደነበር ገብቶኛል። ከእንግዲህ በዚያ መንገድ ለማንም ወርቅ አያቀልጡም። መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ እሳቸው ጉንፋን ይዞሻል አሉኝ።

ጋሽ ጉጠት ጠረጴዛው ጋ ስንደርስ ተነሥቶ የራሱን በርጩማ አስቀመጠላቸው።  አባባ እጁን ፈልገው ያዙት፣ እሱም አላስለቀቀም። በኋላ ጋሽ ጉጠት ቀስ ብሎ፣ እርስዎ የሚጠበቅብዎትን ብለዋል፤ ሌላ የቀረ ሰው አለ አላቸው። አባባ «አለ» አሉ። ወደ ቤት ስንመለስ ለወንድምሽ ጻፊለት አሉኝ። ምን ልበለው ስላቸው፣ ምንም አትበዪው፣ የሆነውን ንገሪውና ተይው አሉ።

ነገርኩህ። ደብዳቤህን ሳይከፈት መልሼ ልኬልሃለሁ።

እኅትህ


ታኅሣሥ 22

እትዬ፣

ይህ ደብዳቤ ምናልባት ከእኔ በኋላ ይደርስ ይሆናል። ፈቃድ ጠይቄ ከልክለውኛል፤ ነገ በመጀመሪያው መኪና እነሣለሁ።

ያልተከፈተችው ፖስታ ደርሳኛለች። ከፍቼ አነበብኳት። አራት ገጽ ሙሉ ስለ አምባር ነው። እሱ ላይ ስለ ደረሰው አንድ መሥመር የለም፤ እንዳልወሰደ አረጋገጥኩ እንጂ ወሰደ ያልኩት እኔ መሆኔን የትም አልጻፍኩም። እንደ ገና ልጽፈው ሞከርኩ። በጀመርኩ ቁጥር ሠላሳ አንድ ግራም ከሚለው እጀምራለሁ። ቀደድኩት።

የአባባን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። 

መኪናው ዋናው መንገድ ላይ ነው የሚያወርደኝ። ወደ ሱቁ ቀጥታ አልመጣም፣ አትጠብቂኝ። አባባ ከጀመሩበት በር እጀምራለሁ። ዐይኔ ደኅና ነው፤ ስለዚህ የምለው ከእሳቸው ያጠረ ነው፤ ሳላይ ፈረድኩ ነው የምለው። በየበሩ እለዋለሁ። የጋሽ ጉጠት ጠረጴዛ የመጨረሻው ነው፤ እዚያ ስደርስ የምለውን ገና አላውቅም።

ወንድምሽ